ፍራፍሬን በግቢ ማዳቀል፦ ከቢላው በፊት እናት ዛፏ

ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ ወይም ቢሾፍቱ ግቢ ያለው ሰው ቤት ቢገቡ አቮካዶ አያጡም። አብዛኛው ከተበላ ፍሬ የተረፈ ዘር አፈር ላይ ወድቆ ወይም በጣሳ ተተክሎ የበቀለ ነው። አንዳንዱ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ያፈራል፤ አንዳንዱ ዐሥር ዓመት ቆሞ ጥላ ከመስጠት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። ከፍሬው መካከልም ቅቤ የመሰለ አለ፣ ውኃ ውኃ የሚል አለ፣ ዘሩ ገዝፎ ሥጋው ለአንድ ጉርሻ የማይበቃም አለ። ከጎረቤት ያለው፣ ከችግኝ ጣቢያ ተገዝቶ የመጣው አጭር ዛፍ ግን በሦስትና በአራት ዓመቱ ያፈራል፤ ፍሬውም ዘንድሮ እንደ አምናው ነው።

ይህን ልዩነት ያመጣው ማዳቀል ነው። ሥራው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከምርምር ማዕከላትና ከመንግሥት ችግኝ ጣቢያዎች ወጥቶ ወደ ግለሰብ ግቢ ገብቷል። ወጣቶች ተደራጅተው የተዳቀለ አቮካዶና ማንጎ በመንገድ ዳር ይሸጣሉ፤ ጡረታ የወጡ አባቶች በምላጭና በፌስታል ቁራጭ ይሞክራሉ፤ አሠራሩን በስልክ ቪዲዮ ያየ ሁሉ እጁን ይበላዋል። ጥያቄው ግን አልተመለሰም። ፍራፍሬን ቤት ውስጥ ማዳቀል ያዋጣል ወይ? ለየትኛው ፍሬ? ከባዱስ ነገር የቱ ነው? ይህ ዳሰሳ ጥያቄዎቹን በየተራ ያነሣል፤ ድምዳሜውን ግን ከወዲሁ መናገር ይቻላል። የእጅ ሥራው በሳምንት የሚለመድ ነው። ውጤቱን የሚወስነው ቀንበጡ ከየትኛው ዛፍ ተቆረጠ፣ ከተዳቀለ በኋላስ ማን ተንከባከበው የሚለው ነው።

ማዳቀል ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

በማዳቀል ሁለት ተክሎች ይገናኛሉ። ታችኛው ሥር ይሰጣል፤ ከአፈር ውኃና ምግብ ያመጣል፣ የአፈር በሽታን ይቋቋማል፣ የዛፉንም ቁመት በከፊል ይወስናል። ላይኛው፣ ማለትም ቀንበጡ፣ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ አበባና ፍሬ ይሆናል። መገናኛቸው ከቅርፊቱ ሥር፣ ከእንጨቱ በላይ ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ነው። በዛፍ ውስጥ አዲስ ሕዋስ የሚፈለፈለው እዚያ ስለሆነ የሁለቱ ሽፋን ካልተነካካ ምንም ያህል ጥብቅ ተደርጎ ቢታሰር አይያዝም። ከተነካካ ግን በመጀመሪያ ቁስሉን የሚሞላ ለስላሳ አካል ይበቅላል፤ ከዚያ ውኃና ምግብ የሚያስተላልፉት ቧንቧዎች ይቀጣጠላሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁለቱ አካላት ይጋጠማሉ እንጂ ዘራቸው አይቀላቀልም። በመራራ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀለ ጣፋጭ ብርቱካን አይመርም። ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ግን ሁልጊዜ የታችኛው ነው። "የተዳቀለ ብርቱካን ገዝቼ ነበር፣ ወደ እሾሃም ሎሚ ተለወጠብኝ" የሚለው ስሞታ ምንጩ ይህ ነው። የተለወጠ ነገር የለም፤ ላይኛው ሞቶ ወይም ተውጦ ታችኛው ነግሦ ነው።

ያገኙትን ዛፍ ሁሉ ደግሞ ማጋጠም አይቻልም። ዝምድና ያስፈልጋል። ማንጎ በማንጎ ላይ፣ አቮካዶ በአቮካዶ ላይ፣ አፕል በአፕል ላይ ይዳቀላል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ትርንጎ ቤተ ዘመድ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይይዛል። ኮክና ፕሪምም እንዲሁ በብዙ ጥምረት ይስማማሉ። ማንጎን በአቮካዶ ላይ ማዳቀል ግን የማይሆን ነገር ነው። ከዚህ የከፋው መጀመሪያ የተስማማ መስሎ ከዓመታት በኋላ መጋጠሚያው ላይ ነፋስ የሚሰብረው ጥምረት ነው፤ ቅርብ ዘመድ መምረጥ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ጸሐፍት ስለ አሠራሩ ጽፈዋል። ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ማስረጃ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት 11ኛው ምዕራፍ ላይ ያለው የወይራ ምሳሌ ነው። ገበሬ የሚያደርገው የመልካሙን ዛፍ ቀንበጥ በዱሩ ግንድ ላይ ማዳቀል ሲሆን ምሳሌው የዱሩን በመልካሙ ላይ ያስገባል፤ ሐዋርያውም ከተፈጥሮ ውጭ መሆኑን ራሱ ይጠቅሳል። ምሳሌው አድማጩ ጋር የደረሰው ማዳቀል በዘመኑ የታወቀ ሥራ ስለነበረ ነው።

ዘር ከልጓም ይስባል፣ ግን ወዴት?

"ከጥሩ ፍሬ የተገኘ ዘር ጥሩ ዛፍ ይሆናል" የሚለው እምነት በእህል ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ በአቮካዶና በአፕል ላይ አይሠራም። የእነዚህ አበባ በንብና በሌሎች ነፍሳት ከሌላ ዛፍ ጋር ስለሚዳራ እያንዳንዱ ዘር የማይታወቅ አባት አለው። ዘር ከልጓም ይስባል ቢባልም እዚህ ላይ የሚስበው ወደ ብዙ አቅጣጫ ነው።

ለዚህ የሐስ አቮካዶን ታሪክ የሚያህል ምስክር የለም። ሩዶልፍ ሐስ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ላ ሐብራ ሐይትስ በምትባል ቦታ የሚኖር ፖስታ አዳይ ነበር። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወላጃቸው የማይታወቅ ዘሮች ገዝቶ አበቀለና በዘመኑ በገበያ የታወቀውን ፉዌርቴ የተባለ ዝርያ ሊያዳቅልባቸው ሞከረ። አንዷ ችግኝ ተደጋግሞ ቢዳቀልባትም አልያዘችም። ሊቆርጣት አስቦ ሳለ ቆየችና አፈራች፤ ቅርፊቱ ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር፣ ሥጋው ቅባት የሞላበት ፍሬ ሰጠች። በ1935 (እ.ኤ.አ.) በስሙ አስመዘገባት። እናት ዛፏ በሥር መበስበስ በሽታ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ደርቃለች፤ ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ያለው የሐስ አቮካዶ ሁሉ ግን ከእርሷ በተወሰደ ቀንበጥ፣ ከዚያም በቀንበጡ ቀንበጥ የተባዛ ነው።

ከታሪኩ ሁለት ነገር ይወሰዳል። ዘር ሎተሪ ነው፤ አብዛኛው ዕጣ ባዶ ቢሆንም አልፎ አልፎ ትልቁ ይወጣል። ማዳቀል ደግሞ ዕጣው ለወጣለት ዛፍ ዕድሜ መስጫ ነው።

ዘር እናቱን አይመስልም የሚለው ሕግ ለሁሉም ፍሬ እኩል እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። ብዙ የብርቱካንና የሎሚ ዓይነቶች፣ እንዲሁም አንዳንድ የማንጎ ዓይነቶች ከአንድ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ያወጣሉ፤ ከእነዚህ የሚበዙት ያለ አባት ከእናቲቱ አካል የተፈጠሩ ስለሆኑ እናታቸውን ይመስላሉ። በአንጻሩ ኬንት፣ ኪት እና ቶሚ አትኪንስ የተባሉት የማንጎ ዝርያዎች ከዘር አንድ ቡቃያ ብቻ ይሰጣሉ፣ እርሱም እናቱን አይመስልም። ስለዚህ "ኬንት ማንጎ በልቼ ዘሩን ተከልሁ" ያለ ሰው ኬንት አልተከለም።

ፍሬ በፍሬ ሲታይ

አቮካዶ። ለግቢ አዳቃይ የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው ነው። ወደ ኢትዮጵያ በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ገብቶ በመጀመሪያ በሂርናና በወንዶ ገነት እንደተተከለ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ከሲዳማና ከጉራጌ እስከ ጅማና ጎጃም ተዛምቶ የጁስ ቤቱ ስፕሪስ ያለ እርሱ አይታሰብም። በአዳማ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሐስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ፒንከርተን፣ ናባልና ቤከን የተባሉትን ዝርያዎች ሲያስተዋውቅ ቆይቷል። ለውጭ ገበያ የሚፈለገው ሐስ ነው፤ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ረጅም ጉዞ ይችላል። ለቤት የሚተክል ሰው ግን መርከብ ስለማይጭን በሐስ ብቻ መታጠር የለበትም። ቅርፊተ ስሱ ፉዌርቴና ኤቲንገርም ለቤት ጠረጴዛ በቂ ናቸው።

አቮካዶ የአበባ ሰዓት አለው። ሐስ፣ ፒንከርተንና መሰሎቻቸው አበባቸው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሴትነት ይከፈትና በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በወንድነት ይመለሳል። የፉዌርቴ፣ የኤቲንገርና የቤከን ደግሞ ከሰዓት በሴትነት፣ በማግሥቱ ጠዋት በወንድነት ነው። ሁለቱ በአቅራቢያ ሲኖሩ ፍሬው ይጨምራል። ቦታ የጠበበው ሰው ሁለተኛ ዛፍ መትከል ሳያስፈልገው በሐስ ዛፉ ላይ አንድ የኤቲንገር ቅርንጫፍ ቢያዳቅል ያው ነው። በቤት ማዳቀል የሚገኝ ጥቅም ይህ ነው።

ማንጎ። የቆላና የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ቢዳቀልም ብርዱ አያፈራውም። በአሶሳ፣ በአርባ ምንጭና በሐረር ዙሪያ ያለው ነባሩ ማንጎ ከዘር የበቀለ፣ ጣፋጭ ቢሆንም ቃጫው ጥርስ ውስጥ የሚገባ ነው። የዚህ ነባር ማንጎ ዘር ጠንካራ ሥር ይሰጣል፤ ላዩን በተሻሻለ ዝርያ መለወጥ ይቻላል። የቆመ ትልቅ ዛፍ ያለውም መንቀል የለበትም። ዛፉ ተቆርጦ አዲስ ሲያቆጠቁጥ ከቡቃያዎቹ ጠንካሮቹን መርጦ እላያቸው ላይ ማዳቀል ይቻላል። አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ ቢተው ሥሩን ይመግባል፤ አዲሱ ሲጠና እርሱም ይወገዳል።

ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ። እነዚህ የሚዳቀሉት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ብቻ ነው። ከእናት ዛፍ ላይ አንዲት የቅጠል ሥር ዓይን ከስስ ቅርፊቷ ጋር ተልጣ፣ በታችኛው ግንድ ላይ በ"ቲ" ቅርጽ በተከፈተ ቅርፊት ውስጥ ትገባለች። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ "ቲ"ው ይገለበጣል፣ ውኃ እንዳያቁር። ሥራው የሚቃናው ቅርፊቱ በቀላሉ ከእንጨቱ ሲላቀቅ፣ ማለትም ተክሉ በእድገት ላይ ሳለ ነው። ዘሩ እናቱን የሚመስል ከሆነ ለምን ይዳቀላል ቢባል መልሱ ጊዜና ጤና ነው። ከዘር የበቀለ ብርቱካን እሾሃም ነው፣ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ለአፈር ወለድ በሽታም ይጋለጣል።

አፕል። የደጋ ሰው ጉዳይ ነው፤ በአገራችን ስሙ ከጨንቻ ጋር ተያይዟል። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በዚህ የጋሞ ደጋ አፕልን ያስገቡት ሚስዮናውያን ናቸው። ዛሬ አርሶ አደሩ ከፍሬው ባልተናነሰ በችግኝ ሽያጭ ይታወቃል፤ ብዙ ቤተሰብም ማዳቀልን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ አድርጎታል። የአፕል ልዩ ነገር ታችኛው በስም መታወቁ ነው። እንግሊዝ አገር ተመርጠው የወጡት ኤምኤም 106 እና ኤምኤም 111 የተባሉት ሥሮች የዛፉን ቁመት ይቀንሳሉ፣ ሥር የሚያጠቃውንም ባለ ጥጥ ቅማል ይቋቋማሉ። ኤምኤም 111 ድርቅ ይችላል፤ ኤምኤም 106 ውኃ የሚያቁር አፈር ላይ አንገቱ ይበሰብሳል። ላይኛው ደግሞ ብዙ ብርድ የማይጠይቅ ዝርያ መሆን አለበት፤ አብዛኛው አፕል ብዙ ሰዓት ብርድ ሳያገኝ ስለማይነቃ። በእስራኤል የወጣው አና እና በባሐማስ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን ተመራጭ የሆኑት በዚህ ነው፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን አበባ ያዳራል።

ኮክና ፕሪም። የአገር ቤት ኮክ በደጋ ግቢ ሁሉ ስለሚበቅል ለተሻሻለ ኮክ ርካሽ ሥር ይሆናል። ለጀማሪ የሚመከሩት ግን አቮካዶና ብርቱካን ናቸው።

ፓፓያና ሙዝን ለማዳቀል መድከም አያስፈልግም፤ ፓፓያ ከዘር በዓመት ገደማ ያፈራል፣ ሙዝ ከሥሩ ይባዛል። ወይን በቁራጭ እንጨት ይተከላል። ይሁን እንጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለ ሥር በል ነፍሳት የአውሮፓን ወይን ሲያወድም የተረፈው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በመዳቀሉ ነበር።

አንድ አቮካዶ ከዘር እስከ መጋጠሚያ

ወደ እጅ ሥራው ስንመጣ አቮካዶን በስንጥቅ ማዳቀል ለማሳያ ይበቃል።

ለሥር የሚሆነው ዘር መሬት ላይ ከወደቀ ፍሬ አይወሰድም። የሥር መበስበስ የሚያመጣው ተዋሕሲ አፈር ውስጥ ስለሚኖር ፍሬው ከዛፍ ላይ መቀጠፍ አለበት። ጠንቃቃ አባዢዎች ዘሩን 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ሙቅ ውኃ ለ30 ደቂቃ ይነክሩታል፤ ከዚህ ካለፈ ሽሉ ይቀቀላል። ዘሩ ሰፊው ወገን ወደ ታች፣ ሾጣጣው ወደ ላይ ሆኖ በፕላስቲክ ከረጢት ይተከላል። አፈሩ ውኃ የማያቁር፣ አሸዋና ብስባሽ የተቀላቀለበት ይሁን።

ግንዱ እርሳስ ሲያህል ለመዳቀል ደርሷል። ቀንበጡ ከእናት ዛፍ ላይ ሲመረጥ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጫፉ ላይ ያለው ዓይን ያበጠ ግን ያልፈነዳ፣ ውፍረቱም ከችግኙ ጋር የሚመጣጠን ይሁን። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። እንደተቆረጠ ቅጠሎቹ ይወገዳሉ፣ ትንሽ አገዳቸው ብቻ ይቀራል፤ ቅጠሉ ከቀረ ቀንበጡን አድርቆ ይገድለዋል። ማንጎ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ቀንበጡ ገና ዛፉ ላይ ሳለ፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን አስቀድሞ ይነቀላል። ዓይኑ እንዲያብጥ ያደርገዋል። ቀንበጡን በዚያው ቀን ማዳቀል ይመረጣል፤ ካልሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በፌስታል አስሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ውጭ ማቆየት ይቻላል።

ቢላው ምላጭ መሆን አለበት። ዱልዱም ቢላ ሕዋሱን ስለሚጨፈልቀው ቁስሉ አይገጥምም። በየችግኙ መካከል በአልኮል ወይም በተበረዘ በረኪና ይጸዳል። ችግኙ ከአፈር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆረጣል፣ የተወሰኑ ቅጠሎች ከታች ይተዉለታል። ከዚያ የተቆረጠው ጫፍ መሐሉ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይሰነጠቃል። ቀንበጡ ከሥሩ በሁለት ወገን ተጠርቦ እንደ ሽብልቅ ይሾላል። መጥረቡ በአንድ ወይም በሁለት ምት ማለቅ አለበት፤ እየደጋገሙ መከርከም ገጹን ወጣ ገባ ያደርገዋል። የተጠረበው ገጽ በጣት አይነካም፣ አይደርቅም፤ ወዲያው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል።

ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ ብዙ ጀማሪ ቀንበጡን መሐል ላይ ያስቀምጠዋል፤ በሁለቱም ወገን አረንጓዴው ሽፋን ሳይገናኝ ይቀራል። መፍትሔው ወደ አንድ ወገን ማስጠጋት ነው። በአንድ በኩል ከተገናኘ ይበቃል። ከዚያ በሚለጠጥ የፕላስቲክ ጥብጣብ ከታች ወደ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ውኃ እንዳይገባ። ትንሽ ግልጽ ፌስታል ከላይ ቢጠለቅለት እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ችግኙ ግን ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት፣ ፀሐይ ከመታው ፌስታሉ ውስጥ ይቀቀላል።

ሁሉ ነገር ከተሳካ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ዓይኑ ይፈነዳል። አሁን ፌስታሉ ቀስ በቀስ ይከፈታል። ጥብጣቡ መጋጠሚያው እስኪጠና ይቆያል፤ ረስተውት ከቆየ ግን ግንዱን ያንቃል። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቡቃያ ሁሉ በየጊዜው ይነቀላል። ወደ መሬት ሲዛወር መጋጠሚያው ከአፈር በላይ መሆን አለበት።

ምን ያከሽፈዋል?

የከሸፈ ችግኝ ሁሉ በእጅ ድክመት የከሸፈ አይደለም። በዝናብ ሰዓት ተዳቅሎ ውኃ የገባበት ይበሰብሳል። ውኃ የተጠማ ችግኝ ላይ የተዳቀለ ቀንበጥ ምግብ አያገኝም። ለጋ፣ አረንጓዴነቱ ገና ያልጠና ቀንበጥ ይኮማተራል። ለግቢ አዳቃይ መልካሙ ጊዜ ዝናቡ የቀለለበት፣ ሙቀቱ መካከለኛ የሆነበትና ተክሉ በእድገት ላይ ያለበት ነው፤ በብዙው የመኸር አካባቢ የክረምቱ ጉልበት ከቀነሰ በኋላ ማለት ነው። ክረምት ላይ መሥራት የግድ ከሆነ ጣሪያ ያለው ዳስ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ዐሥር አዳቅሎ ጥቂት ቢይዝለት ሊከፋው አይገባም። የማያዋጣው አንድ ችግኝ ይዞ አንድ ጊዜ መሞከር ነው። እጅ የሚለመደው እንደ ሎሚ ባለ ርካሽ ችግኝ፣ እንዲያውም ከመግረዝ በተረፈ ማናቸውም ቅርንጫፍ ላይ በመጥረብ ነው።

በሽታ በቀንበጥ ይጓዛል

ማዳቀል ጥሩውን ፍሬ እንደሚያባዛ ሁሉ በሽታውንም ያባዛል። ይህን ያስተማረው ትሪስቴዛ የተባለው የብርቱካን ቫይረስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አሜሪካ በመራራ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን አድርቋል። ቫይረሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያዛምቱት ቅማሎችና የተበከሉ ዓይኖች ናቸው። ዓይኑ ሲወሰድ ጤነኛ ቢመስልም ውስጡ ታማሚ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን የሚጠቀሰው የማንጎ ነጭ ተባይ ነው። መጀመሪያ የታየው በ2010 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። ቅጠልና ፍሬ ላይ እንደ ነጭ ፍርፋሪ ተለጥፎ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ራሱ ብዙ አይሄድም፣ ችግኝና ቀንበጥ ይጭኑታል። ነጭ ነጥብ ካለበት ዛፍ ቀንበጥ መቁረጥ ተባዩን ለጎረቤት ማደል ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣው ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ቀንበጥ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ዘመድ ለአባቱ ግቢ ያማረውን ዝርያ ቀንበጥ በፎጣ ጠቅልሎ ማምጣቱ ደግነት ይመስላል። ተክልና የተክል አካል ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ማረጋገጫ ማስገባት ግን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉም ምክንያት አለው። አንድ ቀንበጥ ይዞት የሚመጣው በሽታ ከአንድ ግቢ አልፎ የአንድ ዞን ኑሮ ሊነካ ይችላል። የሚፈለጉት ዝርያዎች አብዛኞቹ አገር ውስጥ ስላሉ ድካሙም አያስፈልግም።

በአንድ ዛፍ ላይ ስንት ፍሬ?

አንድ ዛፍ ብዙ ዓይነት ፍሬ ሲያፈራ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ብዙዎችን ያስደምማሉ። እውነት ነው፣ ይቻላል፤ አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሰው ሳም ቫን ኤከን ኮክ፣ ፕሪምና መሰሎቻቸውን በአንድ ግንድ ላይ በማዳቀል ባለ 40 ፍሬ ዛፎች ሠርቷል። ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚን በአንድ ዛፍ ላይ ማፍራትም ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ኃይለኛው ቅርንጫፍ ሌላውን ይውጠዋል፤ በየዓመቱ መግረዝ ካልተደረገ ሎሚው ብቻውን ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ የጠበበ ግቢ ላለው ጠቃሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለመታየት የሚሠራ ነው።

ይግዙ ወይስ ያዳቅሉ?

አንድ ዛፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው የተዳቀለ ችግኝ ቢገዛ ይሻለዋል። ሲገዛ ግን ዓይኑን ይክፈት። መጋጠሚያው በግልጽ ይታይ፣ ጠባሳው የተዘጋ ይሁን፤ ከመጋጠሚያው በላይ ቢያንስ ሁለት ዙር ቅጠል ያወጣ ይሁን፤ ሥሩ ከከረጢቱ ወጥቶ መሬት የያዘ አይሁን። የዝርያውን ስም፣ ቀንበጡ ከየት እንደመጣና ታችኛው ምን እንደሆነ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። "የተዳቀለ ነው" ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መጥፎ ዛፍም ይዳቀላል። በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ችግኝ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ገዢው ስሕተቱን የሚያውቀው ከአራት ዓመት በኋላ ስለሆነ ሻጩን የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። ችግኝ የሚያባዙ ማኅበራት በየችግኙ ላይ የዝርያ ስምና የተዳቀለበትን ወር የያዘ ወረቀት ቢያንጠለጥሉ ወጪው ኢምንት ነው፣ የሚያተርፈው አመኔታ ግን ትልቅ ነው።

በቤት ማዳቀል የሚያዋጣው ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። ዐሥርና ከዚያ በላይ ችግኝ ለሚፈልግ፤ ሥሩ የጠና ግን ፍሬው የማይረባ ዛፍ ለቆመበት፤ የትም ችግኝ ጣቢያ የማይሸጥ ልዩ ዛፍ ለሚያውቅ። የዚህ ዳሰሳ ዋና መልእክት ያለው ሦስተኛው ዘንድ ነው። ከዘር የበቀለው አቮካዶ አብዛኛው ተራ ቢሆንም በብዙ ሰፈር "የእማማ እገሌ አቮካዶ" እየተባለ የሚታወቅ፣ ቅቤውና መዓዛው የሚጠራ አንድ ዛፍ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ዛፍ ስም የለውም፣ በምርምር ማዕከል መዝገብም የለም። ባለቤቱ ሲያርፉ፣ ቤቱ ሲሸጥ ወይም መንገድ ሲሰፋ አብሮ ይጠፋል። የሐስ እናት ዛፍ ባትጠበቅ ኖሮ የዓለም ገበያ የማያውቃት የአንድ ግቢ ዛፍ ሆና ትቀር ነበር።

የተሻሻሉ ዝርያዎችን የሚቃወም አስተያየት ከዚህ ይነሣል፤ ሁሉም ሐስ ብቻ ከተከለ ነባሩ ልዩነት ይጠፋል፣ አንድ በሽታ ቢመጣም ሁሉን ይጠርጋል ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ማዳቀልን መተው ሳይሆን የሚዳቀሉትን ዝርያዎች ማብዛት ነው። የንግድ እርሻ ለገበያው ሲል አንድ ዝርያ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ግቢ ያለው ሰው ግን ያ ግዴታ ስለሌለበት የአገሩን ምርጥ ዛፎች ለማቆየት ከሁሉ የተሻለ ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ ቢላ ከመግዛትዎ በፊት ዛፍ ይምረጡ። በሰፈርዎ በፍሬው የሚታወቀውን ዛፍ ይጠይቁ፤ ቢያንስ ሁለት ወቅት ፍሬውን ይቅመሱ፣ ቅጠሉንና ግንዱን ከበሽታ ይመርምሩ፣ ባለቤቱን አስፈቅደው ቀንበጥ ይቁረጡ። ካዳቀሉት መካከል አንዱን ለባለቤቱ ይመልሱ፣ አንዱን ለጎረቤት ይስጡ። ጥሩ ዛፍ በአንድ ግቢ ብቻ ከቀረ አንድ መጥረቢያ ይበቃዋል፤ በሦስት ግቢ ከተዳቀለ ግን በቀላሉ አይጠፋም።